ባሕሩን በበርሜል ውሃ አጠበ የተባለው ሰው

«ሰብሌ፣ መኪናው ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ይነሳል። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፤ እጃጂ ድረስ ስለሆነ እንዳታረፍጂ» አለችኝ ሠናይት፣ የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። አምቦ ተከራይቼ በምኖርባት ቤት በረንዳ ላይ ልብስ አጥባለሁ፤ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤዋለሁ።

«የማን ቀብር?» አልኳት።

ደነገጠች። ከዚያ የሰማሁ መስሏት እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ የሰማ መስሏት እንደሆነ መቀባጠር ጀመረች። እኔ አንዱንም አልሰማኋትም። ከመሀላችን የእጃጂ ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እጃጂ ካለች በኋላ ሌላ ማንም ሊሆን እንደማይችል ገብቶኛል። ኦቦ ጉደታ ሞተዋል። ስልኩ ከትከሻዬ ሾልኮ አረፋው ውስጥ ገባ፤ እኔም አላወጣሁትም። ሐሙስ ዕለት እኮ ደውለውልኝ ነበር! የማይክሮስኮፑ አምፖል ተቀየረ ወይ ብለው ነው የደወሉት። ጡረታ ከወጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የላብራቶሪው አምፖል ግን ከልባቸው አልወጣም። አልተቀየረም ስላቸው፣ እናንተ ልጆች በጨለማ ነው እንዴ የምታዩት ብለው ሳቁብኝ። ዓርብ ከበቆሎ ማሳቸው ተመለሱ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የሚጠጣ ውሃ ጠየቁ። ውሃው እስኪመጣ አልቆዩም።

ደግሞ መርዶ በስልክ! እኔ ደሴ ያደግሁ ነኝ። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ሦስት አራት ሰው ሆኖ ቤት ድረስ ተመጥቶ፣ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ሠናይትን በጣም ተናደድኩባት። በኋላ ሳስበው የእሷ ጥፋት አልነበረም። እኔ የኦቦ ጉደታ ዘመድ አይደለሁም፤ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ለሥራ ባልደረባ መርዶ ቤት ድረስ የሚያመጣ የለም።

ኦቦ ጉደታ ዶክተር ነበሩ። «ዶክተር» ብሎ የጠራቸውን ሰው ግን «የቱ ጋ አሞህ ነው?» ይሉት ስለነበር፣ አስተማሪውም ተማሪውም ዘበኛውም ኦቦ ጉደታ ነው የሚላቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የነጭ ጋዋናቸውን ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ አዛንፈው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሙያቸው የባሕር ጭቃ ነበር። አዎ፣ አምቦ ላይ ተቀምጠው የባሕር ጭቃ! ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስቄያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲያቶም የሚባል በዓይን የማይታይ ፍጡር አለ። ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግቡን ይሠራል፤ ዙሪያውን የብርጭቆ ቤት ሠርቶ ይቀመጥበታል። ሲሞት ገላው ይበሰብሳል፤ የብርጭቆ ቤቱ ግን ይሰምጥና ባሕሩ ወለል ላይ ይከማቻል። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ሰዎች በመርከብ ሄደው ያንን ጭቃ በረጅም ቱቦ መዘው ያወጡታል። ከዚያ ንብርብሩን እየለዩ ብርጭቆውን ይቆጥራሉ። ብርጭቆው የበዛበት ንብርብር፣ ያን ዘመን ባሕሩ ለምለም ነበር፣ ዓሣውም ጠግቦ ያድር ነበር ማለት ነው። ያነሰበት ደግሞ ረሃብ። ኦቦ ጉደታ በወጣትነታቸው ውጭ አገር የተማሩት ይህን ነው፤ ተመልሰው የመጡትም በዚሁ ፍቅር ተይዘው ነው።

መርከብ ላይ አንድ ጊዜ ወጥተዋል። ተማሪዎች ባሕር ምን ይመስላል ብለው ሲጠይቋቸው፣ አሥራ አንድ ቀን ባሕር ላይ እንደነበሩ፣ ባሕሩን ያዩት ግን ሁለት ቀን ብቻ እንደሆነ፣ በቀረው ዘጠኝ ቀን ሲያስታውካቸው ባልዲ ብቻ እንዳዩ ይናገሩ ነበር። ባልዲው አረንጓዴ ነበር ይላሉ። ቀለሙን ሳይቀር ነው የሚነግሯቸው።

አንድ ዓመት አንድ የጊንጪ ልጅ ክፍል ውስጥ ተነስቶ፣ እኛ ባሕር የለን፣ ይሄ ምን ያደርግልናል አላቸው። አልተቆጡም። ክፍሉን በሙሉ ይዘው ወደ ሁሉቃ ወንዝ ወረዱ፤ እኔም ጠርሙስ ይዤ ተከተልኩ። ከወንዙ ድንጋይ አንስተው ቡኒውን ልጋግ በጣታቸው ፋቁና አሳዩን። የባሕር ሣር ይሄ ነው አሉ፤ ከብት ያለ ሣር እንደማይሆን ዓሣም ያለዚህ አይሆንም። ቀጥለው የተተወ የከብት በረት ብትቆፍሩ፣ የፍጉ ውፍረት ስንት ከብት ይታሰርበት እንደነበር አይነግራችሁም ወይ ብለው ጠየቁ። ልጁ ግን የገበሬ ልጅ ነውና አልተረታም። ባለቤቱ ፍጉን ወደ ማሳ አውጥቶት ቢሆንስ አለ። ኦቦ ጉደታ እንዴት ደስ እንዳላቸው! ልጁን ትከሻውን ይዘው ነቀነቁት። ባሕሩም እኮ ብርጭቆውን ይበላዋል፣ ያሟሟዋል፤ እኛ የምንቆጥረው የተረፈውን እንጂ የኖረውን አይደለም፣ ይህን የዘነጋ ሰው ጭቃ ባይነካ ይሻለዋል አሉ። ያ ልጅ ዛሬ ራሱ አስተማሪ ነው።

ስለ ማየት ደግሞ ምንም ቀልድ አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ የአጎታቸው ልጅ ከእጃጂ መጣ። የድንበር ክርክር አለበት፤ ፍርድ ቤት ቆመው እንዲመሰክሩለት ይፈልጋል። ድንበሩ የእሱ እንደሆነ ኦቦ ጉደታም ያምናሉ፤ አባታቸው ነግረዋቸዋል። ነገር ግን የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል አላዩም። አባቴ ነገረኝ ብዬ እመሰክራለሁ፣ አየሁ ብዬ ግን አልመሰክርም አሉት። ሰውየው ላብራቶሪያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ለመናቸው፣ ተቆጣቸው፣ ከእንግዲህ ዘመድ አይደለህም አላቸው። ምሳ ጋበዙት፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኙት፣ አልመሰከሩም። እኔ በልቤ ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው እያልኩ ነበር።

እኔ እዚያ ላብራቶሪ የገባሁት በሙከራ ጊዜ ቅጥር ነው። ያኔ አፌም እጄም ፈጣን ነበር፤ አሁንም ከዚያ ብዙ አልተሻልኩም። ኦቦ ጉደታ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ኢንተላ ኮ» ነው የሚሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አጠባውን እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ጭቃውን ኬሚካል ውስጥ አድርገሽ ሌላው ሌላው እስኪበላ ትተዪዋለሽ፣ ከዚያ ደጋግመሽ በዲስቲልድ ውሃ ታጥቢዋለሽ፤ ያ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው፣ ምንም ነገር የሌለበት ውሃ ነው። ከዚያ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ ታደርቂና በማይክሮስኮፕ ትቆጥሪያለሽ። መቁጠሪያ መሣሪያ እያለን እሳቸው በበቆሎ ነበር የሚቆጥሩት። ዐሥር ብርጭቆ ሲሞላ አንድ ፍሬ በቆሎ ከግራ ሳህን ወደ ቀኝ ሳህን ይጥላሉ። መሣሪያው ሲሳሳት አይሰማም፣ በቆሎ ሲወድቅ ግን ይሰማል ይሉ ነበር። ሳህኑ ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ከኮሪደሩ ጀምሮ ኳ፣ ኳ ሲል እሰማለሁ።

አንድ ቀን የድሮ ፕሮፌሰራቸው ከውጭ አገር አንድ ካርቶን ላኩላቸው። ውስጡ በትንንሽ ቱቦ የታሸገ የባሕር ወለል ጭቃ ነው፤ እያንዳንዱ ቱቦ የየራሱ ንብርብር። ቆጥረው ውጤቱን ከላኩና ጥሩ ነገር ከተገኘበት ሁለት ዓመት ከነቤተሰባቸው ወስደዋቸው አብረው እንደሚሠሩ ፕሮፌሰሩ ጽፈውላቸዋል። እኔ እንደዚያ ዕለት ኦቦ ጉደታን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ቱቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው እንደ ጫጩት ይቆጥሯቸው ነበር።

እንደጀመርን ዓይናቸው አስቸገራቸው። የዓይን ሞራ ነው ተባለና ለኦፕሬሽን አዲስ አበባ ሄዱ። እሳቸው እንደሄዱ መንገዱ ተዘጋ። ያን ጊዜ መንገድ መዘጋት የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል እየተባለ ሁለት ሳምንት እዚያው ቀሩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣልን ዲስቲልድ ውሃም አብሮ ቀረ። በዚያ ላይ የቧንቧው ውሃ ጠፋ። እኔ አሥራ ሁለት ቱቦ ጭቃ ኬሚካል ውስጥ ነክሬ ተቀምጫለሁ። ደውዬ ምን ላድርግ አልኳቸው። «ኢንተላ ኮ፣ ጠብቂ። ስንት ሺህ ዓመት የጠበቀ ጭቃ አንቺን ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያቅተውም» አሉኝ።

እሺ አልኩ። አልጠበቅሁም።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ነው፤ ሲመለሱ የሚቆጠርበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ አዘጋጅቼ ላስደንቃቸው ፈልጌያለሁ። ከላብራቶሪው ጓሮ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አለች፤ ውሃ ሲመጣ ሞልተን የምንከድናት፣ አምቦ ውስጥ ይህችን የመሰለች በርሜል የሌለችበት ቤት የለም። ከእሷ ቀዳሁ። እንዲያው ዝም ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስላችሁ፤ ደህና አድርጌ አፍልቼዋለሁ፣ በንጹህ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልዬዋለሁ። እናቴ ለሕፃን የምታጠጣው ውሃ እንኳ ከዚያ የበለጠ ንጹህ አልነበረም። በዚያ ውሃ አሥራ ሁለቱንም አጠብኳቸው።

ኦቦ ጉደታ ዓይናቸው ታሽጎ ተመለሱ። ማይክሮስኮፕ ለአንድ ወር ክልክል ነው ተብለዋል። ስላይዱን ተደርድሮ በጣታቸው ዳስሰው ሲያገኙት፣ ውሃው መጣ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። መጣ አልኳቸው። አንዲት ቃል ናት፤ ለመናገር ቀላል ነበረች። ከዚያ እኔ እያየሁ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በተሸፈነ ዓይን በቆሎውን ይጥላሉ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በሌሎቹ ቱቦዎች በቆሎው አልፎ አልፎ ነበር የሚወድቀው፤ አሥራ ሁለቱ ላይ ስንደርስ እጃቸው አልደርስ አለ። ረጃጅም ብርጭቆዎች በዝተዋል ስላቸው በቆሎውን ሳይጥሉ ያዙት። ወዲያው፣ እነሱም ባሕር ውስጥ አሉ አሉ። ማመን ፈልገው ነበር። ባሕሩ የለመለመበትን ዘመን ያገኙ መስሏቸዋል።

ለፕሮፌሰሩ አጻፉኝ። በሦስተኛው ቀን የግብዣው ደብዳቤ መጣ። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ አምቦ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ የሥራ መልቀቂያ አስገቡ። ልጃቸው ኦልያድ ኳሱን ለጎረቤት ልጅ ሰጠ፤ ታናሿ ሲፈንም ለክፍሏ ልጆች ተሰናበተች። ቤቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሻንጣ በሻንጣ ሆነ።

የዓይናቸው ፋሻ የተፈታ ዕለት ቀጥታ ወደ ማይክሮስኮፑ ነው የመጡት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ምስጋና እጠብቃለሁ። የመጀመሪያውን ስላይድ አዩ። ሁለተኛውን አዩ። ሦስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ተነሥተው በጓሮ በር ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። የበርሜሏን ክዳን አነሡ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ፣ የውስጥ ግድግዳዋን በጥፍራቸው ፋቁ። ይዘውት የመጡትን ልጋግ በመስታወት ላይ አድርገው አዩትና ወንበሩን ለቀቁልኝ።

አየሁ። ያው ነው። እኔ ስቆጥራቸው የሰነበትኳቸው፣ ታንኳ ታንኳ የሚመስሉት ረጃጅሞች፣ አንድ በአንድ፣ እዚያው አሉ።

«ይሄ ባሕር አይደለም» አሉ ኦቦ ጉደታ። «ይሄ የኛ በርሜል ነው።»

አፍልቼው ነበር አልኩ። ብርጭቆ ተቀቅሎ ይሟሟል እንዴ አሉኝ። በጨርቅም አጥልዬዋለሁ አልኩ። የጨርቁ ቀዳዳ ለእነሱ የቤት በር ነው አሉኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። የአሥራ ሁለቱ ቱቦ ጭቃ አልቋል፤ እንደገና የሚታጠብ ቅንጣት የለም። ያን ጊዜ የተናገርኩትን እስካሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይቃጠላል። ማንም አያውቅም እኮ አልኳቸው። እሳቸውና እኔ ዝም ካልን ማን ያውቃል?

«እኔ አየሁት እኮ» አሉኝ።

ቆጠራው የበርሜል ውሃ ገብቶበት እንደተበላሸ ለፕሮፌሰሩ የዚያኑ ዕለት ጻፉ፤ ለትምህርት ክፍሉም አሳወቁ። በማግስቱ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ጠራ። ሰው ተሰብስቦ፣ የውጭ አገር ጭቃ በበርሜል ውሃ ያጠበው ማነው ተባለ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሚከተለውን አውቃለሁ፤ ሻንጣዬን ይዤ ደሴ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ አፌን ልከፍት ስል ኦቦ ጉደታ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ» አሉ። ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ቸኩዬ አጠብኩት፣ ዓይኔ ታሽጎ ስለነበር የትኛው ውሃ እንደሆነ አላየሁም ብለው ረጋ ብለው ተናገሩ።

ለገዛ ዘመዳቸው አየሁ ብለው መመስከር ያቃታቸው ሰው! እኔም ዝም አልኩ። ይህን ቃል በደንብ ልጻፈው፤ ዝም አልኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ተከትያቸው ሄድኩና ማልቀስ ጀመርኩ። አንቺ ገና ብዙ ታጥቢያለሽ፣ አሁን ሂጂና በርሜሏን እጠቢ አሉኝ። ሄጄ አጠብኳት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ ሳኮርፍ እንኳ፣ ስሳሳት እንኳ።

ፕሮፌሰሩ በትሕትና መለሱላቸው፤ ግብዣው ግን በዚያው ቀረ፤ ሌላ ጭቃም አልመጣም። አዴ ወርቄ የለቀቁት ቦታ ሌላ ሰው ተመድቦበት ነበር፤ ልጆቹን ይዘው ወደ እጃጂ፣ ወደ ባላቸው የአባት መሬት ገቡ። ኦቦ ጉደታ ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ እየሄዱ ሰኞ ጠዋት ይመለሱ ጀመር። እስከ ጡረታቸው ድረስ እንደዚያው ነበር። እኔ ለሰው ሁሉ ባይናገሩ ለሚስታቸው ነግረዋል ብዬ አምን ነበር። ባልና ሚስት አይደሉም እንዴ? እጃጂ ሄጄ የማላውቀውም ለዚህ ነው፤ አዴ ወርቄን ዓይናቸውን ማየት አፍሬ ነው።

እሁድ ዝናብ እየዘነበ ሄድን። ጉደርን አለፍን፣ ጌዶን አለፍን፤ መኪናው ውስጥ ሁሉም ስለ እሳቸው ቀልድ ያወራል፣ ስለ አረንጓዴው ባልዲ። እኔ እነሱ ሲስቁ አልቅሼ ጨረስኩ። ከቀብር ስንመለስ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶች ወደ ቤት ገብተን ፍራሽ ላይ ተደረደርን። ንፍሮ ታደለ። አዴ ወርቄ ድምፃቸው ተዘግቷል። ሲያዩኝ ወዲያው ለዩኝ፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንቺ እንኳ ወጣት ነበርሽ፣ ዓይንሽ ያያል» አሉኝ። «ዓይኑን አሽጎ በበርሜል ውሃ ሲያጥብ የት ነበርሽ? ተው ብትዪው ምናለበት?»

ንፍሮው መዳፌ ላይ እንዳለ ደረቅሁ። አያውቁም! አልነገሯቸውም! አዴ ወርቄ የእኔን መደንገጥ ለሐዘን ቆጥረውት ወሬያቸውን ቀጠሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ለባላቸው በእጃቸው ምግብ አላቀረቡላቸውም፤ ሲፈን ነበረች የምታቀርበው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ኦቦ ጉደታ ጀሪካን ተሸክመው ከቦኖ በመጡ ቁጥር፣ ውሃው ለባሕሩ ነው ይሏቸው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ። እሳቸውም ጀሪካኑን ያስቀምጡና ፈገግ ብለው ወደ ማሳቸው ይሄዱ ነበር። ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው አንድ ቀን እንኳ ቃል ያልመለሰልኝ አሉ አዴ ወርቄ፤ አጠገባቸው ያሉት ሴቶችም አንገታቸውን ነቀነቁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ሐቁን ልናገር፤ ዝም ልልም አስቤ ነበር። ሰውየው ተቀብረዋል፤ እኔ ዛሬ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ ማንም ከሥራ አያባርረኝም፤ ያም ሆኖ ፈራሁ። ምኑን እንደፈራሁ አላውቅም። እነዚያ ሁለት የሐዘን እጆች እጄን እንደያዙ መሆናቸው ነው ያቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አዲስ አበባ ነበሩ፤ ጠብቂ ብለውኝ ነበር። ስብሰባው ላይ እኔ ነኝ ያሉት እኔ እንዳልባረር ነው።»

አዴ ወርቄ እጄን አልለቀቁም፤ እንዲያውም አጥብቀው ያዙት። በጥፊ ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ ደስታዬ ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «ስምንት ዓመት ስነዘንዘው ዝም አለኝ?» አሉ። «ለእኔም? ለእኔም ዝም አለኝ?»

ድንገት ተነሡ፤ የእጅ አንጓዬን ይዘው እየጎተቱ ወደ ድንኳኑ አወጡኝ። ወንዶቹ ደንግጠው ተነሡ። አዴ ወርቄ መሀል ቆመው በኦሮምኛ «ኢሳ ሚቲ» አሉ፤ እሱ አይደለም ማለት ነው። ደገሙት፤ እሱ አይደለም፣ ውሃውን የቀዳው እሱ አይደለም። ሰው ሐዘን አእምሯቸውን የነካው መሰለው። አንድ ሽማግሌ አይዞሽ፣ ተቀመጪ እያሉ ሊደግፏቸው መጡ። አዴ ወርቄ እጃቸውን ገፋ አድርገው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እሷ ትናገር» አሉ።

እንግዲህ እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ በዝናብ፣ ግማሹ አማርኛዬን በደንብ የማይሰማ፣ እኔ ኦሮምኛው የሚያደናቅፈኝ፣ ለእነዚያ ሁሉ ገበሬዎችና የዕድር ሽማግሌዎች ዲያቶም ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ባሕሩ ወለል፣ ስለ ብርጭቆው ቤት፣ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ በርሜሏ። ሳልደብቅ ተናገርኩ። መጣ ያልኳትን ውሸት ጭምር፣ ማንም አያውቅም ያልኩትን ጭምር። ሠናይት አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየኛለች። የትምህርት ክፍላችን ሰዎች ዓይናቸው ፈጥጧል። ሽማግሌው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ውሃውን አፍልተሽው ነበር ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አጥልለሽዋል? አዎ፣ ሁለት ጊዜ። ታዲያ ምን ጎደለው አሉኝ። ብርጭቆ ተቀቅሎ እንደማይሟሟ ነገርኳቸው። ሽማግሌውም፣ ጉደታ ይህን ሁሉ ለብቻው ተሸክሞ ነው ዓርብ ዓርብ ከሚኒባስ ሲወርድ እየሳቀ ሰላም የሚለን ብለው ወደ መሬት አዩ።

ይህን ጊዜ ከበሩ በኩል ለቅሶ ተሰማ። ኦልያድ ነው። ከሐዋሳ ሲመጣ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ቀብሩ አምልጦታል። ያ ኳሱን ለጎረቤት ልጅ የሰጠው ልጅ አሁን ጢም ያለው ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሁለት ሰዎች ደግፈውታል፣ አባዬ፣ አባዬ ይላል። ድንኳኑ በሙሉ ተነሥቶ አብሮት አለቀሰ። አዴ ወርቄ ግን አላለቀሱም። ልጃቸውን አቅፈው፣ ፊቱን በነጠላቸው ጠርገው፣ ፊት ለፊቴ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት። ለቅሶው ጋብ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱ አልሰማም» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪው።»